ኃላፊው ሳያጨበጭቡ

ከተሞች በልዩ ልዩ ነገር ይታወቃሉ። አንዷ በወደቧ፣ ሌላዋ በድልድይዋ፣ ሌላ የምትታወቅበት ነገር ያጣችው ደግሞ በአየሯ ተስማሚነት። የዚያች ከተማ ባህል ቢሮ የሚታወቀው ግን በጭብጨባ ሥርዓቱ ነበር። እዚያ ቢሮ ኃላፊው ሳያጨበጭቡ ማንም አያጨበጭብም። ደንቡ በየትኛውም መመሪያ ላይ አልሰፈረም፤ መስፈርም አላስፈለገውም። “እሳት ያቃጥላል” የሚል ማስታወቂያ የተለጠፈበት ምድጃ ማን አይቶ ያውቃል?

እርግጥ አንድ ጊዜ አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ስቶ ነበር። እንግዳ ተናጋሪ ደስ የሚል ነገር ሲናገር ሰማና፣ ደስ ስላለው ብቻ አጨበጨበ። ደስ ስላለው! ኃላፊው ያን ጊዜ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር እያሰሩ ነበር። ቀና አሉና በዓይናቸው ፈለጉት፤ አገኙትም። ሰውየው “ያለውን የላቀ ተነሳሽነት ጸጥታ በሚፈልግ ዘርፍ ላይ እንዲያውለው” ተብሎ ወደ መካነ መቃብር አስተዳደር ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ በቢሮው ውስጥ ደስ ያለው ሰው አልተገኘም።

ይህ የብረት ደንብ አንዲት ቀዳዳ ነበረችው። ኃላፊው ራሳቸው ንግግር ሲያደርጉ ማን ይጀምር? አንድ ቀን ለራሳቸው ለማጨብጨብ ሞክረው ነበር። ማይክሮፎኑ ከእጃቸው አመለጠና ፊት ለፊት በተቀመጡት የእሳት አደጋ አዛዥ የእግር ጣት ላይ አረፈ፤ የዕለቱም ጭብጨባ በዋይታ ተተካ። ምክትል ኃላፊ የሚባለው ወንበር የተፈጠረው በማግስቱ ነው።

ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ለሥራው የተፈጠረ ነበር። ሌላው ሰው ንግግር ማለቁን የሚያውቀው ሲያልቅ ነው፤ ምክትሉ ግን የኃላፊው ማንቁርት ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል ገና እጁ አየር ላይ ነው። ከስብሰባ በፊት መዳፉን ቫዝሊን ይቀባል። “ደረቅ መዳፍ ይንጣጣል፤ የወዛ መዳፍ ግን ድምፁ ሙሉ ነው” ይላል፣ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም። በሌለበት “አቶ ቸብቸብ” ይሉታል። ፊት ለፊት ግን ሁሉም ያከብረዋል፤ የእሱ ቀኝ መዳፍ ግራውን እስኪነካ ድረስ ስንት መቶ እጅ ተንጠልጥሎ እንደሚጠብቅ ማን ያጣዋል?

ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ሚስቱን ያከብራል፣ በልጁ ይምላል። ልጅቱ ቫዮሊን ትጫወታለች፤ መጫወት ብቻም አይደለም፣ ከቫዮሊኗ ጋር ነው የምትኖረው። ድምፁ ያምራል ብላ የምትለማመደው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ስለሆነ፣ ቤተሰቡ ፊቱን የሚታጠበው በሙዚቃ መሃል በምትገኝ ፋታ ነው። ከላይ ያለው ጎረቤት መጀመሪያ ላይ ወለሉን በመጥረጊያ እጀታ እየደበደበ ይቃወም ነበር። ውሎ ሲያድር ግን ድብደባው ሳያውቀው ከዜማው ጋር መሄድ ጀመረ፤ አንድ ቀን ልጅቱ ቀድማ ስትጨርስበት ብቻውን ትንሽ ደብድቦ አፍሮ ተወው።

በአባትና በልጅ መካከል አንድ ያልተነሳ ነገር ነበር። ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤቷ የወላጆች ቀን ልጅቱ ብቻዋን ወጥታ ተጫውታ ነበር። የክብር እንግዳው ኃላፊው ናቸው። ስትጨርስ ኃላፊው ስልክ ላይ ነበሩ፤ የመኪና ጎማ ዋጋ እየተከራከሩ። አዳራሹ ኃላፊውን ያያል፣ ምክትሉ ኃላፊውን ያያል፣ ልጅቱ አባቷን ታያለች። የጎማው ክርክር ሲያልቅ ልጅቱ ወርዳ፣ ቫዮሊኗን ሣጥኑ ውስጥ አስገብታ፣ መቆለፊያውን ቆልፋ ነበር።

“ትራፊኩ እንዴት ነበር?” ብላ ነው የጠየቀችው፣ አባቷ ማታ ቤት ሲገባ። ይኸው ነው ያልተነሳው ነገር።

እንግዲህ ታላቁ ሐሳብ የመጣው ኃላፊው ለልምድ ልውውጥ ውጭ አገር ሄደው በተመለሱበት ሰሞን ነው። እዚያ አንድ ትልቅ አዳራሽ ወስደዋቸው፣ አጠገባቸው የተቀመጡ አንድ የተከበሩ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ክላሲካል ሙዚቃ ሲያዳምጡ አይተዋል። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጦ የሚከበርበት ሥራ ከስብሰባ ሌላ መኖሩን ያወቁት ያኔ ነው። አገራቸው እንደገቡ ሠራተኛውን ሰበሰቡ።

“ከዛሬ ጀምሮ” አሉ፣ “ክላሲካል ሆነናል።”

ምክትሉ አጨበጨበ። ከተማዋ የወጣት ክላሲካል ሙዚቀኞችን ዓለም አቀፍ ውድድር እንድታስተናግድ በዚያው ጸደቀ።

ዝግጅቱ ለጉድ ነበር። አዳራሹ በቀለም ተመታ፤ ወንበሮቹም አብረው ስለተመቱ እስከ ዛሬ ድረስ በሱሪያቸው ቂጥ ላይ የውድድሩን ማስታወሻ ይዘው የሚዞሩ ሰዎች አሉ። ቀይ ምንጣፉ ከመኪና ማቆሚያው እስከ መድረኩ አልደርስ ስላለ፣ እንግዳ ሲራመድ ከኋላው እየጠቀለሉ ከፊቱ የሚዘረጉ ሁለት ብርቱ ሰዎች ተመደቡ። ሕዝቡም በራሱ ተነሳሽነት ነቅሎ እንዲወጣ ለየመሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ ተላለፈ። ያልመጣ ተነሳሽ ደመወዙ እንደሚቆረጥም ተነገረ።

ከየአገሩ የተላከውን ቅጂ የሰሙት የውጭ ዳኞች ከራሷ ከከተማዋ አንድ ልጅ ብቻ መረጡ፤ የምክትሉን ልጅ። ዜናው በደረሰ ቀን ምክትሉ ቢሮውን ዘግቶ፣ ማንም እንዳይሰማው መሀረብ በመዳፉ አድርጎ፣ ለራሱ ጥቂት አጨበጨበ።

ማታ ልጅቱ የቫዮሊን ደጋኗን ጭራ በደረቅ ሙጫ እያሸች መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች።

“አባዬ፣ አንድ ነገር ልለምንህ?”

“አንቺ ብቻ ጠይቂኝ። አዲስ ቀሚስ ነው? ጫማ ነው?”

“ስጨርስ አጨብጭብልኝ።”

ምክትሉ ከት ብሎ ሳቀ። “ምን ማለትሽ ነው? ለማን ላጨብጭብ ታዲያ? ሥራዬ አይደል እንዴ!”

“ኃላፊው ባያጨበጭቡስ?”

“ኃላፊውማ ያጨበጭባሉ። ዓለም አቀፍ ነው እኮ፣ የእኔ እመቤት።”

“ባያጨበጭቡስ ነው ያልኩህ።”

ሚስቱ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ፎጣ ይዛ ቆማ ኖሯል። “መልስላት እንጂ” አለችው። “ቫዝሊኑን እንደሆነ በየወሩ እየገዛሁ ነው።”

“አጨበጭባለሁ” አለ ምክትሉ። “በአባትሽ እጅ እምላለሁ።” በዚያ ቤት ደግሞ ከዚህ የከበደ መሐላ አልነበረም።

የመጀመሪያው ምሽት ኃላፊው ባደረጉት አጭር ንግግር ተከፈተ። ንግግሩ አጭር መሆኑን እሳቸው ራሳቸው በየመሃሉ ስለተናገሩ ጥርጥር የለውም። ቢሆንም ከቀዝቃዛ አገር የመጣ አንድ ዋሽንት ነፊ ልጅ ከመጋረጃው ጀርባ በዕቃ መያዣው ላይ እንቅልፍ ወስዶት፣ ተራው ሲደርስ በውሃ ነው የተነሣው።

ሙዚቃው የተጀመረው በአንድ ቀጭን ፒያኖ ተጫዋች ነው። ልጁ ለረጅም ጊዜ ፒያኖውን እንደ ባለ ዕዳ ሲያባርር ቆየና ድንገት ዝም አለ። እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። ኃላፊው ምክትሉን አዩት፣ ምክትሉ ኃላፊውን አየ። ሲባል ሰምተው የማያውቁት ነገር ኖሯል፤ እንዲህ ያለው ሙዚቃ አንዱ ሥራ በሦስት በአራት ክፍል ተከፍሎ ይጫወታል፣ በክፍሎቹ መሃል ጥቂት ፋታ አለ፣ በፋታው ደግሞ አይጨበጨብም። ኃላፊው ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ስምንት መቶ ተነሳሽ ሕዝብ ተከተላቸው፣ አዳራሹ ተናጋ፣ አዲሱ ቀለም ከጣሪያው ቅርፊት ቅርፊት እያለ ወረደ። ፒያኖ ተጫዋቹ የመሬት መንቀጥቀጥ መስሎት ከፒያኖው ሥር ሊገባ ምንም አልቀረውም።

የዚህን ጊዜ የዳኞቹ ሰብሳቢ፣ ትልቅ መነጽር ያደረጉ ጸጉረ ነጭ ሴትዮ፣ ዞር ብለው ኃላፊውን አዩና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

አዳራሹ ደርቆ ቀረ። ለኃላፊው! ጣት! በከንፈር ላይ! ከንብረት ክፍሉ ሰውዬ ወዲህ እንዲህ ያለ ድፍረት በከተማዋ ታይቶ አይታወቅም። ችግሩ ሴትዮዋን ወደ መካነ መቃብር ማዛወር አለመቻሉ ነው፤ የሌላ አገር ሰው ናቸዋ።

ኃላፊው ግን ሴትዮዋ የተቆጡት ጭብጨባው ስላነሰ መስሏቸው፣ በሁለተኛው ፋታ ላይ ይበልጥ አጨበጨቡ።

በዕረፍት ሰዓት አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። አስተርጓሚው የነገሩን ሥርዓት ላብ እያጠመቀው አስረዳ።

“እሺ፣ አልቋል የሚባለው በምን ይታወቃል?” አሉ ኃላፊው።

“ሲያልቅ ነው ጌታዬ።”

“አልቋል ብዬ አይደል እንዴ ያጨበጨብኩት! እኔ ስብሰባ ማለቁን የማውቀው ሻይ ሲመጣ ነው። ሻይ ይምጣ!”

“ዳኞቹ አይፈቅዱም ጌታዬ።”

“እንግዲያው ተጫዋቹ ሲጨርስ በግልጽ ይናገር። ‘ጨርሻለሁ’ ይበል። ምን ያህል ያስቸግራል? የጨረሰ ሰው ‘ጨርሻለሁ’ ይላል፤ ያልጨረሰ አይልም። ይኼ ግልጽነትና ተጠያቂነት ነው!”

ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸድቆ ወደ ሰብሳቢዋ ተላከ። ሰብሳቢዋ ውሃ ጠጥተው መለሱት። በመጨረሻም የሥራ መመሪያ ሆኖ የወጣው ይህ ነው። ምክትሉ ልጁን እየጠየቀ የየሥራውን ክፍሎች ብዛት ያጠናል፤ እውነተኛው መጨረሻ ሲደርስ አንድ ጊዜ ይስላል፤ ኃላፊው ሳሉን ሰምተው ያጨበጭባሉ። ኃላፊውም ተደሰቱ፣ ምክትሉም ጉሮሮውን አሟሸ፣ ሁሉም ነገር ፈር ያዘ ተባለ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። እንዲህ ያለ ሙዚቃ የሚያዳምጥ ሰው፣ ተጫዋቹ እስኪያርፍ ሳሉን አፍኖ ይዞ፣ ፋታ ሲያገኝ እንደሚለቀው ለምክትሉ ማንም አልነገረውም። በሁለተኛው ምሽት የመጀመሪያው ፋታ ላይ ከኋላ ረድፍ አንዱ ሳለ። ኃላፊው አጨበጨቡ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጣት በከንፈር። ቀጠለ። በሁለተኛው ፋታ ላይ አንዲት የሒሳብ ክፍል ሴት፣ ጉንፋን የያዛት ምስኪን፣ ሦስት ጊዜ ሳለች። ኃላፊው ሦስት ጊዜ አጨበጨቡ። ምክትሉ በእውነተኛው መጨረሻ ላይ እውነተኛውን ሳል ሲስል ኃላፊው በንዴት እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ነበርና ማንም አላጨበጨበም።

“ከእንግዲህ” አሉ ኃላፊው፣ ወጥተው ኮሪደር ላይ ሲቆሙ፣ “ምልክት የሚሰጠኝ ሰው አልፈልግም። ሳል የለም! ሳል ያለበት ሠራተኛ ፈቃድ ይውጣ። ራሴ አዳምጬ ራሴ አውቃለሁ። ዳኞቹ እንዴት ነው የሚያዳምጡት? ዓይናቸውን ጨፍነው አይደለም? እኔም እጨፍናለሁ። ጆሮ የሌለኝ መሰላቸው እንዴ?”

“ጆሮዎስ አለ፣ ጌታዬ” አለ ምክትሉ።

ሦስተኛው ምሽት የፍጻሜው ነበር። ለቤተሰብ የተያዙት ወንበሮች በተነሳሽ ሕዝብ ስለተሞሉ የልጅቱ እናት የቆመችው ከአዳራሹ በር ውጭ፣ ኮሪደር ላይ፣ ጆሮዋን ከእንጨቱ ጋር አጣብቃ ነው። ምክትሉ እንደ ወጉ ከኃላፊው ቀኝ ተቀምጧል። መዳፉን ቫዝሊን የቀባው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለልጁ።

ኃላፊው ቃላቸውን ጠብቀው ጨፈኑ። ብልህ ስለሆኑ ግን አንደኛውን ዓይናቸውን በስሱ ከፈት አድርገው የሰብሳቢዋን እስክሪብቶ ያያሉ። እስክሪብቶው ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ያን ጊዜ አልቋል ማለት ነው። ለመጀመሪያው ተወዳዳሪ በትክክል አጨበጨቡ። ለሁለተኛውም። ጣት የለም። አዳራሹ በኩራት ተነፋ። ከዚያ በኋላ የተከፈተችው ዓይን በሌላኛዋ ዕረፍት እየቀናች መጣች መሰለኝ፣ የመጨረሻዋ ተወዳዳሪ መድረኩ ላይ ስትወጣ እሷም ተከደነች።

የመጨረሻዋ የምክትሉ ልጅ ነበረች።

እንዴት እንደተጫወተች መናገር ከሽሙጥ ሥራ ውጭ ነው። ይህን ብቻ እንበል፤ በአዳራሹ ውስጥ ከነበረው ተነሳሽ ሕዝብ ግማሹ ደመወዙን ረሳ። የሒሳብ ክፍሏ ሴት ፈቃድ ባትወጣ ኖሮ ታለቅስ ነበር። ምክትሉ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በእንፋሎት መሃል ስንቴ የሰማውን ዜማ ነው የሚሰማው፤ ግን እዚያ ቤት ጥርሱን እየፋቀ ያዳመጠው ሁሉ እንዲህ ትልቅ ነገር መሆኑን አላወቀም ነበር። ሳል ሳል አለው። ሳል ክልክል ስለሆነ ዋጠው።

ሁለተኛው ፋታ አለፈ። ሦስተኛው ክፍል ሽቅብ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ እንደ ክር ቀጥኖ አለቀ። ልጅቱ ደጋኗን ዝቅ አደረገች። የሰብሳቢዋ እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

ዝም።

ምክትሉ ወደ ግራ ዞረ። የኃላፊው አገጭ ደረታቸው ላይ ነው፤ ከንፈራቸው በስሱ ተከፍቷል፤ ከውስጥ ትንሽ የፉጨት ድምፅ ይወጣል። መቀስቀስ? ኃላፊው መቼ ተኝተው ያውቃሉ! በቢሮው ታሪክ ኃላፊው ያሰላስላሉ እንጂ አይተኙም፤ ያልተኛን ሰው ደግሞ እንዴት አድርገው ይቀሰቅሱታል?

ስምንት መቶ ሰው ኃላፊውን ያያል። ዳኞች እንደሆነ በውድድር አያጨበጭቡም። ልጅቱ አባቷን ታያለች።

እጁ ተነሣ። ይህን ልንክደው አይገባም፤ በእርግጥ ተነሣ። ቀኙ ወደ ግራው ሄደ፣ ግራው ወደ ቀኙ መጣ፣ በመካከላቸው አንዲት ጣት የምታህል አየር ቀረች። በዚያች አየር ውስጥ ምክትሉ ብዙ ነገር አየ፤ ወንበሩን፣ የንብረት ክፍሉን ሰውዬ፣ የመቃብሩን የብረት በር። እጁ ያችን አየር ማለፍ አቃተው። ወርዶ ጉልበቱ ላይ የሌለ አቧራ አራገፈ።

ዝምታው ቀጠለ። እንዲህ ያለ ዝምታ በዚያች ከተማ ተሰምቶ አይታወቅም። ልጅቱ ለረጅም ጊዜ ቆማ ቆየችና፣ አንገቷን ደፍታ እጅ ነሥታ፣ ጫማዋ ቋ ቋ እያለ ወጣች። ከበሩ ውጭ እናቷ መዳፏ እስኪቀላ እያጨበጨበች ነበር። በሩ ግን ወፍራም ነው።

ወደ ቤት ሲሄዱ በመኪናው ውስጥ የተነጋገሩት ይህን ብቻ ነው።

“ኃላፊው ተኝተው ነበር፣ አይደል አባዬ?”

“እያሰላሰሉ ነበር።”

“እሺ” አለች ልጅቱ።

“እጅህ ምን ሆኖ ነው?” አለች ሚስቱ። “ተሰብሮ ከሆነ ሐኪም ቤት እንሂድ።”

በማግስቱ የመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ሆነ። አንደኛ የወጣው ቀጭኑ ፒያኖ ተጫዋች ነው፤ ሁለተኛ የምክትሉ ልጅ። ሁለቱም ሜዳሊያቸውን ሲቀበሉ ኃላፊው ራሳቸው ሜዳሊያ አጥላቂ ስለነበሩ እጃቸው ሥራ ይዟልና አልተጨበጨበም። ከዚያ የዳኞቹ ሰብሳቢ ተነሡ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

“በብዙ አገር ዳኝቻለሁ” አሉ በአስተርጓሚው አፍ። “ሕዝቡ የመጨረሻው ድምፅ ሳይጠፋ ነው የሚጮኸው። ትናንት ግን በዚህ አዳራሽ፣ ያቺ ልጅ ስትጨርስ፣ አንድም ሰው ዝምታውን ለመስበር አልደፈረም። በመጀመሪያው ቀን ስለናንተ የተሳሳተ ግምት ነበረኝ፤ ይቅርታ። ይህን የመሰለ አድማጭ አይቼ አላውቅም። ከሁሉም በላይ እኚህ ሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በሙዚቃው ውስጥ ጠልቀው...”

ጠልቀው ነበር፤ ይህን ማንም አይክድም። ሰብሳቢዋ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ሣጥን አውጥተው ከፈቱ። የምርጥ አድማጭ ሽልማት ነው፤ በእብነ በረድ ላይ የቆመ፣ የብርጭቆ ጆሮ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ኃላፊው ግን የተሰጣቸውን ጆሮ በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ሳይጠሩ ወደ ማይክሮፎኑ ሄዱ። ስለ ዝምታ ተናገሩ። ዝምታ ወርቅ መሆኑን፣ ይህም ወርቅ በቢሯቸው የዘርፍ ዕቅድ ውስጥ ከመጀመሪያውም መካተቱን፣ ዝም ማለት ብዙ መናገር እንደሚጠይቅ፣ ያን ሁሉ አብራሩ። ዋሽንት ነፊው ልጅ እንደገና ተኛ። ሰዓቱ ነጎደ።

“ለምሳሌ ትናንት” አሉ በመጨረሻ፣ “የምክትሌ ልጅ ያንን ፒያኖ ስትመታ፣ እኔ እያንዳንዷን ምት...”

ምክትሉ ቀና አለ።

“...እያንዳንዷን የፒያኖ ምት በልቤ እየቆጠርኩ ነበር።”

ልጅቱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቫዮሊኗን ታቅፋ ተቀምጣለች። እናቷ አጠገቧ ናት፤ በዚህ ቀን ወንበር አግኝታለች። ልጅቱ አልተናደደችም። ፈገግ ብላ የቫዮሊኗን አንገት ዳበሰች፣ ስሙን የተሳሳቱበትን ልጅ እንደሚያጽናኑት።

የኃላፊው ማንቁርት ከፍ አለ፤ ዝቅ አለ። “አመሰግናለሁ!” አሉ፣ እጃቸውን ከነብርጭቆ ጆሮው ወደ ሰማይ ዘርግተው።

ዝም።

ስምንት መቶ ጥንድ እጅ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ምክትሉን ይጠብቃል። ምክትሉ ሁለት መዳፉን ከታፋው ሥር አስገብቶ ተቀምጦባቸዋል።

“አመሰግናለሁ” አሉ ኃላፊው እንደገና። ዝም። ሰብሳቢዋ የዚህ ሕዝብ ነገር ልባቸውን ነክቶት እንደገና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከኃላፊው ግንባር ላብ ወረደ። ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጉና እየተቅለሰለሱ፦

“ጨርሻለሁ” አሉ።

ሰብሳቢዋ ዓይናቸውን ገልጠው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

የዚህን ጊዜ ምክትሉ ተነሣ። ጀርባውን ለመድረኩ፣ ፊቱን ለሦስተኛው ረድፍ ሰጠ። እጁን ከፍ አድርጎ፣ ወዝ በጠገበ መዳፉ፣ ልጁን እያየ አጨበጨበ። ያችን የአንድ ጣት አየር እንዴት እንዳለፋት እሱም አያውቅ። ምንም ይሁን ምን የመጀመሪያው ጭብጨባ ነውና ስምንት መቶ ሰው ተከተለው፤ አዳራሹ ተናጋ፣ የቀረውም ቀለም ወረደ። ልጅቱ እያለቀሰችና እየሳቀች ተነሥታ እጅ ነሣች። በመድረኩ ላይ ኃላፊውም ሦስት ጊዜ ጎንበስ ቀና ብለው ጭብጨባውን በምስጋና ተቀበሉ። ከጎንበስ ቀናው በሦስተኛው ላይ የምክትላቸውን ጀርባ አዩት።

ክሱ ባጭሩ “ጭብጨባን ከታለመለት ዓላማ ውጭ ማዋል” የሚል ነበር። ኃላፊው ወዲያው አድገው፣ የብርጭቆ ጆሯቸውን ይዘው የሕዝብ ቅሬታ ሰሚ ሆነው ተሾሙ። ምክትሉ የተዛወረበትን ቦታ አንባቢ ሳይነግሩት ያውቀዋል።

በብረቱ በር ላይ የተቀበለው የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ነው። “ማን ያያል ብለህ ነው?” አለውና፣ ደስ ስላለው ብቻ አጨበጨበለት።

አሁን ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መታጠቢያ ቤቱን ለቤተሰቡ ለቅቃ ልምምዷን እዚያው ከመቃብር ስፍራው ዛፎች ሥር ታደርጋለች። እናቷም ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች። ሦስቱ ሰዎች ደስ ባላቸው ጊዜ ያጨበጭባሉ፤ በመጨረሻም፣ በፋታውም፣ አንዳንዴ ከነጭራሹ ሳትጀምርም። ጣቱን ከንፈሩ ላይ የሚያደርግ የለም። የቀሩት የቦታው ነዋሪዎች ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሳይስሉ፣ አንዲትም ድምፅ ሳያሰሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዳምጧታል። ከኃላፊው በምን ያንሳሉ? ይሁን እንጂ እስካሁን የብርጭቆ ጆሮ የሸለማቸው የለም።